ከጋርዝ ብሩክስ ጀርባ የተቀመጡት ሰዎች፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው የአሜሪካው ካንትሪ ዘፋኝ ጋርዝ ብሩክስ በ1990 ስላወጣው «ኖ ፌንስስ» አልበም ጥቂት ነገር ጽፌ፣ ፕሮዲዩሰሩ አለን ሬይኖልድስ መሆኑንም ጠቅሼ ነበር። ስለ ዘፋኙ የጠየቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጥያቄው ሁሉ «ማን ነው የተጫወተው? ማን ቀረጸው?» የሚል ሆነ። ደስ አለኝ። የካንትሪ ሙዚቃ ከተማ በሆነችው ናሽቪል ትንንሽ ስቱዲዮዎች ውስጥ በረዳትነት ስለሠራሁ፣ የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ጋሼ፣ ጋርዝ ብሩክስ የራሱ ባንድ አለው አይደል? አልበሙ ላይ የተጫወቱት እነሱ አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ አይደሉም። ስቲልዋተር የሚባለው ባንዱ መድረክ ላይ አብሮት የሚዞረው ነው። ስቱዲዮ የሚገቡት ሌሎች ናቸው። ናሽቪል ውስጥ ይሄ የተለመደ ነው። ቀን ቀን የብዙ ዘፋኞችን ሥራ የሚጫወቱ፣ ፊታቸውን ማንም የማያውቃቸው ሰዎች አሉ።

የጋርዝ ሰዎች ለዓመታት አልተቀየሩም ማለት ይቻላል። ድራም ሚልተን ስሌጅ፣ ቤዝ ማይክ ቻፕማን፣ ኤሌክትሪክ ጊታር ክሪስ ሉዚንገር፣ አኩስቲክ ጊታር ማርክ ካስቲቨንስ፣ ፔዳል ስቲል ብሩስ ቡተን፣ ቫዮሊን ሮብ ሃጃኮስ፣ ፒያኖና ኪቦርድ ቦቢ ዉድ። «ጂ ሜን» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ከቦቢ ዉድ ጋር እናንተም ሳታውቁት ትተዋወቃላችሁ። በ1969 ኤልቪስ ሜምፊስ ላይ «ሰስፒሸስ ማይንድስ»ን ሲቀርጽ እዚያ ከነበሩት ሙዚቀኞች አንዱ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ፕሮዲዩሰሩ አለን ሬይኖልድስ ነው ብለሃል። ፕሮዲዩሰር ማለት ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው አይደለም?

መልስ፦ እኛ ጋ ነዋ! ካሴት ቤት ከፍቶ፣ ለዘፋኙ ቀብድ ሰጥቶ፣ አልበሙን ገዝቶ የሚያከፋፍለውን ሰው ፕሮዲዩሰር ስንል ነው ያደግነው። እዚህ አሜሪካ ያንን የሚያደርገው የሙዚቃ ኩባንያው ነው። ፕሮዲዩሰሩ ዘፈን ይመርጣል፣ ሙዚቀኞቹን ይጠራል፣ «ይሄኛው ይበቃል» ወይም «እንደገና» ይላል። የኛ አቀናባሪ ከሚሠራው ብዙው እሱ ጋ ነው። ልዩነቱ፣ የኛ አቀናባሪ ብዙ ጊዜ ኪቦርዱንም ድራሙንም ራሱ ይሠራዋል። የናሽቪሉ ፕሮዲዩሰር ግን ቅንብሩን እዚያው ክፍል ውስጥ ለተቀመጡት ሙዚቀኞች ይተውላቸዋል።

ሬይኖልድስ ራሱም የዘፈን ደራሲ ነው። «ጃክስ ትራክስ» የሚባል ቤት የመሰለ ስቱዲዮ ነበረው። የጋርዝ አልበሞች እዚያ ተሠሩ፤ የድምፅ መሐንዲሱ ማርክ ሚለር ነበር። አሁን የምነግራችሁ ደግሞ ለኛ ሰው ይበልጥ ይጥማል። የዶን ዊሊያምስን የመጀመሪያ ሥራዎች ፕሮዲዩስ ያደረገው ይኸው ሬይኖልድስ ነው። ያ ብዙ ኮተት የሌለበት፣ ድምፁ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ የሚሰማው የዶን አዘፋፈን ከየት እንደመጣ ስትጠይቁ፣ መልሱ በከፊል እዚህ ሰውዬ ላይ ነው።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ ኖታ ያነባሉ? ወይስ በጆሮ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም፣ ሁለቱም ነው። ቁጥር ነው የሚያነቡት። ይሄን ትንሽ ላብራራው፤ እኔ በጣም የምወደው ነገር ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ኒል ማቲውስ የሚባል የጆርዳኔርስ ቡድን ዘፋኝ ኮርዶችን (አብረው የሚመቱ ድምፆችን) በቁጥር መጻፍ ጀመረ። ቻርሊ ማኮይ የሚባለው የሃርሞኒካ ተጫዋች ወደ ሙዚቀኞቹ አስፋፋው። የዘፈኑ መነሻ ድምፅ ጂ ከሆነ ጂ «1» ይባላል፣ ሲ «4»፣ ዲ «5»። ወረቀቱ ላይ «1 4 1 5» ካለ አንዱ ቁጥር ለአንድ ባር (ለአንድ የምት ዙር) ነው። ማይነር ከሆነ ከቁጥሩ ጎን ሰረዝ ይጨመራል። አንዴ መትተህ ድምፁን እንዲጮህ ተወው ለማለት ቁጥሩን በአልማዝ ቅርጽ ይከቡታል። አለቀ። አንድ ሙሉ ዘፈን በአንድ ገጽ።

ጥቅሙ የገባኝ ግን ተዋርጄ ነው። አንድ ቀረጻ ላይ ወረቀት አዘጋጅ ተባልኩ። ቁጥሩ ስላልለመደኝ በፊደል ጻፍኩት፣ ጂ፣ ሲ፣ ዲ እያልኩ። ስድስት ኮፒ አድርጌ አደልኩ። ዘፋኟ አንድ ጊዜ ሞክራ «ለጉሮሮዬ ከፍ አለብኝ፣ ወደ ኤፍ አውርዱልኝ» አለች። በቁጥር ቢሆን ኖሮ ማንም እስክሪብቶ አያነሳም ነበር። 1 ኤፍ ይሆናል፣ 4 ቢ ፍላት፣ 5 ሲ፣ ወረቀቱ ያው ነው። እኔ ግን ስድስቱንም ወረቀት እንደ አዲስ ስጽፍ፣ ሰዓት የሚቆጠርላቸው ሙዚቀኞች ቡና ይጠጣሉ። ማንም አልተቆጣኝም። እሱ ነው የባሰው።

ጥያቄ (እዚያው ዲሲ)፦ ታዲያ ትዝታንም በቁጥር መጻፍ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ሌላ ነገር ነው። የትዝታ ሜጀር ቅኝት 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 6 ነው ስንል ድምፆቹን ነው የምንቆጥረው። ናሽቪሎች የሚቆጥሩት ኮርዱን ነው።

ጥያቄ (ከባህር ዳር)፦ ያ የሚያለቅስ የሚመስለው መሣሪያ ምንድን ነው? ጊታር ነው ሲሉኝ አላመንኩም።

መልስ፦ ፔዳል ስቲል ይባላል፣ ጊታር ነው፤ ግን አይታቀፍም። እንደ ጠረጴዛ በእግሩ የቆመ ነው፣ ተጫዋቹ ከኋላው ይቀመጣል። አብዛኛው አሥር ክር አለው። ግራ እጅ ለስላሳ የብረት ዘንግ ይዞ ክሩ ላይ ያንሸራትታል። ቀኝ እጅ ይመታል። ግራ እግር ፔዳሎቹን፣ ቀኝ እግር የድምፅ መጠኑን፣ ጉልበቶቹ ደግሞ በጎን ያሉትን መግፊያዎች። አንዱን ክር ከፍ ሲያደርገው ሌሎቹ ባሉበት ይቆያሉ። ልቅሶው የሚመጣው ከዚያ ነው። ለማሲንቆ ያደገ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል። በ1954 በወጣው የዘፋኙ ዌብ ፒርስ «ስሎውሊ» ላይ በድ አይዛክስ ከተጫወተው በኋላ ነው ሁሉም ሰው የፈለገው።

ጥያቄ (ከሚኒሶታ)፦ የድምፅ መሐንዲሱ ቁልፍ ከመጫን ሌላ ምን ይሠራል?

መልስ፦ አንዳንዴ የተበላሸ ነገር ሰምቶ «አትንኩት» ይላል። ዘፋኙ ማርቲ ሮቢንስ በ1961 የወጣውን «ዶንት ዎሪ»ን ሲቀርጽ የግራዲ ማርቲን ቤዝ ጊታር የገባበት የማሽኑ መስመር ተበላሽቶ ኖሮ፣ ድምፁ እንደ ተርብ ጥዝ ይል ጀመር። ትተውት ወጣ። ሰው ወደደው። መሐንዲሱ ግሌን ስኖዲ ያንኑ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቶ ለጊብሰን ኩባንያ ሰጠ፣ «ፈዝ ቶን» ተብሎ ገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲያ የሮክ ጊታሪስቱ ሁሉ የሚረግጠው ፔዳል ዘሩ የካንትሪ ስቱዲዮ ብልሽት ነው።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ክፍያቸውስ? አልበሙ በሚሊዮን ሲሸጥ ይካፈላሉ?

መልስ፦ በመደበኛው አሠራር አይካፈሉም። የሚከፈላቸው በቀረጻ ነው፣ አንዱ ቀረጻ ሦስት ሰዓት። በልማድ ከጠዋቱ 4፣ ከቀኑ 8 እና ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይጀመራል (በኛ ሰዓት)። ታሪፉን የሚያወጣው የሙዚቀኞቹ ማኅበር ነው፣ የቡድኑ መሪ እጥፍ ያገኛል። ግጥምና ዜማ ደራሲዎቹ ግን ከሽያጩ ይካፈላሉ።

ጥያቄ (ከአዳማ፣ በድጋሚ)፦ እና ደራሲው ብቻ ነው ሀብታም የሚሆነው?

መልስ፦ ከታደለ። «ፍሬንድስ ኢን ሎው ፕሌስስ»ን (ታች ቤት ያሉ ወዳጆች እንደ ማለት ነው) የጻፉት ደዌይን ብላክዌልና ኧርል በድ ሊ ናቸው። ታሪኩ እንደሚነገረው ምሳ በልተው ሊ ገንዘብ አልያዘም። እንዴት ልትከፍል ነው ሲሉት፣ ታች ቤት ወዳጆች አሉኝ፣ ወጥ ሠሪውን አውቀዋለሁ አለ። ዘፈኑ ከዚያ መጣ። ዴሞውን (ዘፈኑን ለማስደመጥ የሚቀረጸውን ናሙና) ለመዝፈን የተቀጠረው ያኔ ስም ያልነበረው ጋርዝ ብሩክስ ነበር። የሰው ዘፈን ለማስደመጥ ገብቶ የራሱ አደረገው።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ሥራ ላይ ሆኜ ነው የምሰማው። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አዳምጥ ብትለኝ?

መልስ፦ የካንትሪ ዘፋኟን የክሪስታል ጌይልን «ዶንት ኢት ሜክ ማይ ብራውን አይስ ብሉ» ክፈቺ፣ ወይም ክፈት፣ አንተ ልበል ወይስ አንቺ ባላውቅም። 1977፣ ፕሮዲዩሰሩ ያው አለን ሬይኖልድስ። እሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት ያለውን ፒያኖ ስሙ። የሚጫወተው ሃርገስ ሮቢንስ ነው፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር። ከመዝፈኗ በፊት ዘፈኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ተነግሮ አልቋል። ሁለተኛ ጊዜ ስትሰሙ ቤዙን ብቻ ተከተሉ።