መንካት ለማይችል ሰው ስትሸጡ

ውድ ወጣቶች፣

ማታ ማታ በቲክቶክና በቴሌግራም ቀጥታ ስርጭት ከፍታችሁ ልብስ፣ ጫማ፣ ሽቶና የቤት ዕቃ ስትሸጡ እከታተላችኋለሁ። አንዳንዶቻችሁ ሽሮ ሜዳ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ በዋሽንግተንና በዱባይ ላሉ ደንበኞች የሀበሻ ቀሚስ ታሳያላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ከመርካቶ ያመጣችሁትን ዕቃ ሳሎናችሁ ውስጥ ደርድራችሁ ትሸጣላችሁ። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በአሜሪካ በቴሌቪዥን ሽያጭ፣ ማለትም ዕቃን በቴሌቪዥን እያሳዩ በመሸጥ ሥራ ነው። መጀመሪያ ስልክ እያነሣሁ ትዕዛዝ እቀበል ነበር፤ በኋላም አቅራቢዎች ስለ ዕቃው ሊናገሩ ያሰቡትን አየር ላይ ከመዋሉ በፊት በሚመረምር ክፍል ሠርቻለሁ። ስለዚህ የእናንተን ሥራ ሳይ አዲስ የሚሆንብኝ መሣሪያው እንጂ ሙያው አይደለም። ከእናንተ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱ ሰዎች በምን እንደተሳካላቸውና በምን እንደወደቁ አውቃችሁ ብትሠሩ ደስ ይለኛል። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ ሲጀመር ቴሌቪዥን እንኳን አልነበረበትም። በ1977 በፍሎሪዳ ግዛት በክሊርዋተር ከተማ ሎዌል ፓክሰን የሚባል ሰው ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ነበረው። ማስታወቂያ ያስነገረ አንድ ደንበኛ የሚከፍለው ገንዘብ ቢያጣ በዕዳው ፋንታ 112 የኤሌክትሪክ ቆርቆሮ መክፈቻዎችን ሰጠው። ፓክሰንም የጣቢያውን አቅራቢ ቦብ ሰርኮስታን አየር ላይ እንዲሸጣቸው አዘዘው። የአንዱ ዋጋ 9 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር፤ ወዲያው ተሸጠው አለቁ። አድማጮቹ ዕቃውን መንካት ቀርቶ ማየትም አልቻሉም። የገዙት በየቀኑ የሚሰሙትን ሰው ድምፅ አምነው ነው። በእኔ እምነት ምስሉ፣ መብራቱና የሚያምረው ስቱዲዮ ሁሉ ከዚያ በኋላ የተጨመረ ጌጥ ነው፤ የሙያው ሥር ያ እምነት ነበር።

ፓክሰን ከሮይ ስፒር ጋር ሆኖ በ1982 ሥራውን በታምፓ ቤይ አካባቢ ወደ ኬብል ቴሌቪዥን አመጣው፤ በ1985 ደግሞ ሆም ሾፒንግ ኔትወርክ ተብሎ በመላው አሜሪካ መታየት ጀመረ። ደዋዩ የማይከፍልበት የስልክ መስመርና ክሬዲት ካርድ በየቤቱ ገብተው ስለነበር መንገዱ ተጠርጎለታል። የመንግሥት ተቆጣጣሪውም የጣቢያዎችን የማስታወቂያ ጊዜ የሚገድበውን መመሪያ በ1984 አንሥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድን ዕቃ መግዛት የሚቻለው ስክሪኑ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ጥሩንባ ይነፋል፣ ዋጋ ይወርዳል፣ ደቂቃው ይሮጣል፤ ተመልካቹም ለማሰብ ፋታ ሳያገኝ ስልኩን ያነሣል።

በኅዳር 1986 ጆሴፍ ሲገል በፔንሲልቫኒያ ዌስት ቼስተር ኪውቪሲ የተባለውን ጣቢያ ከፈተ። ሲገል የተፎካካሪውን ጩኸት አይቶ ሌላ ነገር ፈለገ፦ አቅራቢዎቹ ሳይጮኹና ሳያጣድፉ ዕቃውን እያገላበጡ እንደ ጎረቤት እንዲያስረዱ። መጀመሪያ የቀረበው ዕቃ በ11 ዶላር ከ49 ሳንቲም የተሸጠ የመታጠቢያ ቤት ሬዲዮ ነበር። በመጀመሪያው ሙሉ የበጀት ዓመት የጣቢያው ሽያጭ 112 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ረጋ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ከሚጮኸው ያነሰ አይሸጥም፤ ይህን የምላችሁ ለደግነት ስብከት ሳይሆን በሙያው ውስጥ ስላየሁት ነው።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የመወልወያው ታሪክ ነው። የኒው ዮርኳ ጆይ ማንጋኖ የሦስት ልጆች እናት ነበረች። እጅን ውኃ ሳያስነካ የሚጨመቅ መወልወያ ፈለሰፈችና ወደ ኪውቪሲ ወሰደችው። ሌላ አቅራቢ ሲያሳየው ገበያው ቀዘቀዘ። እሷ ግን እኔ ራሴ ላሳየው ብላ ለመነች፤ በ1992 ስቱዲዮ ገብታ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ 18,000 ሸጠች። ዕቃው ያው ነው፣ ጣቢያውም ያው። ልዩነቱ ወለል የወለወለች ሴት ስለ ወለል መናገሯ ነው። የት ቆሻሻ እንደሚቀር፣ የቱ ጋ ወገብ እንደሚያምም፣ ውኃው እንዴት እጅ እንደሚያሻክር ታውቅ ነበር፤ በየቤቱ የምታዳምጣት ሴትም እንደምታውቅ አወቀችባት።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ዘመን ያገኘሁት ትምህርት አንድ ነው። መርካቶ ገብታ ቀሚስ የምትገዛ እናት ምን እንደምታደርግ አስቡ። ጨርቁን በጣቶቿ ታሸዋለች፣ ወደ ብርሃን አንሥታ ሽመናው መጠጋቱን ታያለች፣ ጥለቱን ገልብጣ የጀርባውን ክር ትመረምራለች፣ ስፌቱን ትስባለች። በስክሪን ስትሸጡላት ይህ ሁሉ ተወስዶባታል። አሁን እጇ እናንተ ናችሁ። እሷ ብትኖር የምታሸውን እናንተ እሹላት፤ የምትገለብጠውን ገልብጡላት፤ ብታየው ኖሮ ፊቷን የሚያስጨፍግ ነገር ካገኛችሁም ንገሯት። የእጅ ፈትል ካልሆነ አይደለም በሉ። ጥልፉ በማሽን የተሠራ ከሆነ በማሽን የተሠራ ነው በሉ፤ እውነቱን ሰምቶ የሚገዛ ሰው ሞልቷል።

በስቱዲዮ መብራት ሥር ቀለም ይለወጣል፤ የስልካችሁ ካሜራማ ይብሳል። ነጩ ወደ ቢጫ ሲያደላ፣ ጥቁር ሰማያዊው ጥቁር ሲመስል ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ ልብሱን መስኮት አጠገብ ወስዳችሁ በቀን ብርሃን አሳዩ። የመጠን ነገርም እንዲሁ ነው። በቅርብ የተቀረጸ ቀለበት ስክሪኑን ስለሚሞላ ደንበኛዋ የምትጠብቀው ሌላ፣ ፖስታውን ስትከፍት የምታገኘው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ከጣት ጋር፣ ከሳንቲም ጋር አስተያዩት፤ ልኩን በሚሊሜትር ተናገሩ። ለቀሚስ የደረትን፣ የወገብንና የቁመትን ልክ በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። አምስት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው፤ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናችኋል።

አሁን ስለ ማጣደፍ ልናገር። በስክሪኑ ጥግ ወደ ኋላ የሚቆጥረው ሰዓትና የቀረውን የዕቃ ብዛት የሚያሳየው ቁጥር የዚህ ሙያ ጥንታዊ መሣሪያዎች ናቸው። ቁጥሩ እውነት ከሆነ መረጃ ነው፤ ደንበኛዋ ማወቅ ይገባታል። ከኋላችሁ ሙሉ ማዳበሪያ እያለ «ሦስት ብቻ ቀረ» ማለት ግን ውሸት ነው፤ ሁሉም ሰው ያደርገዋል ማለት ውሸትነቱን አያስቀርም። ትላልቆቹ ጣቢያዎች ውስጥ አቅራቢው በጆሮው በሚገባ ማዳመጫ በየደቂቃው ስንት እንደተሸጠ ይነገረዋል፤ ቁጥሩ ሲወርድ ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ፣ ሲወጣ እንዲቀጥል ያበረታታዋል። እናንተ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው በስክሪናችሁ ላይ የሚወጣውና የሚወርደው የተመልካች ቁጥር ነው። ያ ቁጥር አንደበታችሁን እንዳይመራው ተጠንቀቁ። የጥሩ አቅራቢ ምልክቱ ሽያጩ ሲቀዘቅዝ የተናገረውና ሽያጩ ሲደራ የተናገረው አንድ መሆኑ ነው።

ሌላው ያልተወራለት ጉዳይ ብቸኝነት ነው። ስልክ የሚቀበል ሰው ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል። ሌሊት ከሚደውሉት ብዙዎቹ ዕቃ ብቻ ፈልገው አይደለም። ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው የራቁባቸው፣ እንቅልፍ የነሣቸው ሰዎች ነበሩ። አቅራቢዋን በስሟ እየጠሩ ስለ ጤናዋ ይጠይቁኛል፣ የልጅ ልጃቸውን ያወሩልኛል፣ መጨረሻ ላይ ለመደወላቸው ምክንያት እንዲሆን ያህል አንድ ነገር ያዝዛሉ። ካርቶኑ ሳይከፈት ቤት ውስጥ የሚቆለልባቸው አሉ። እናንተም እንዲህ ያለ ደንበኛ አላችሁ። በቤሩት፣ በሪያድና በኩዌት በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እህቶቻችን ስልካቸውን የሚከፍቱት የቀኑ ሥራ ሲያልቅ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። አማርኛ መስማት ይፈልጋሉ፤ ስማቸውን ስትጠሩላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ለእናታቸው ቀሚስ፣ ለእህታቸው ጫማ ይገዛሉ። ያ ብር በምን ዓይነት ድካም እንደመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዲት ደንበኛ በሳምንት ውስጥ ደጋግማ ስትገዛ ካያችሁ በውስጥ መስመር ጻፉላት፤ የያዝሽውን መጀመሪያ ተቀበዪና እዪው በሏት። እንዲህ ያደረገ ሻጭ ይጎዳል የሚል ካለ እኔ አልስማማም። ቢጎዳም ሊደረግ የሚገባው ይኸው ነው።

ስለ መድኃኒትና ስለ መሰሎቹ ደግሞ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። ክብደት ይቀንሳል፣ ቁመት ይጨምራል፣ ቦርጭ ያጠፋል እየተባለ የሚሸጥ ሻይ፣ ቅባትና ኪኒን አትንኩ። ትልልቆቹም በዚሁ ተቀጥተዋል። ኪውቪሲ ስለ ክብደት መቀነሻና ስለ ሌሎች ምርቶች ያለ በቂ ማስረጃ በተነገሩ ቃላት ምክንያት በ2009 ከአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጋር ባደረገው ስምምነት 7.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተገድዷል፤ ስለ እንዲህ ያሉ ምርቶች አስቀድሞ በ2000 ትእዛዝ ተላልፎበት ነበር። ጠበቆችና መርማሪዎች የሞሉበት ድርጅት እንዲህ ከሆነ አንዲት ስልክ ይዛችሁ ብቻችሁን የምትሠሩት እናንተ በሰው ጉበትና ኩላሊት ላይ ስለሚገባ ነገር ምን ዋስትና ትሰጣላችሁ? በአገራችን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚባል አካል አለ፤ እሱ ያልፈቀደውን በአፋችሁ አትፍቀዱ።

ዘመኑ ከቴሌቪዥን ወደ ስልክ የተሻገረው ቀስ ብሎ ነው፤ ከሁሉ የፈጠነችው ቻይና ናት። የአሊባባ ኩባንያ የኢንተርኔት ገበያ የሆነው ታኦባኦ በ2016 የቀጥታ ስርጭት ሽያጭ ከጀመረ በኋላ ሊ ጂያቺ የሚባል ወጣት በ2018 በአምስት ደቂቃ 15,000 የከንፈር ቀለም ሸጧል። ከንፈሩን እየቀባ፣ እያጠፋ፣ እንደገና እየቀባ ያሳያል፤ ለተመልካቹ ከንፈር ሆነለት ማለት ነው። በ2020 ግን ሲምባ በሚል ስም የሚታወቀው ሌላ ዝነኛ ሻጭ በአገሩ እንደ ውድ ምግብ የሚቆጠረውን የወፍ ጎጆ ሾርባ ሸጠና በምርመራ ሲታይ የስኳር ውኃ ሆኖ ተገኘ። ይቅርታ ጠየቀ፣ ለገዢዎች ካሣ ለመክፈል ቃል ገባ፣ ይሠራበት የነበረው መድረክም ለ60 ቀናት አገደው። ቀምሶ የሚመሰክር የመሰላቸው ሰው የሚሸጠውን በቅጡ ሳይመረምር ነበር የመሰከረላቸው።

አሜሪካ ውስጥ ሰው ኬብሉን እያቋረጠ ሲሄድ የቀድሞዎቹ ተቀናቃኞች ተጠጋግተው መኖር ግድ ሆነባቸው። በ2017 ሆም ሾፒንግ ኔትወርክ በኪውቪሲ ባለቤቶች እጅ ገባ። በ2025 ደግሞ የፍሎሪዳ ስቱዲዮው ተዘግቶ ሥራው ወደ ዌስት ቼስተር እንደሚጠቃለል ተነገረ፤ በዚያው ዓመት ኪውቪሲ በቲክቶክ ላይ ሌት ተቀን የሚሸጥ የቀጥታ ስርጭት ለመክፈት ተዋዋለ። ትልቁ ኩባንያ እናንተ ወደ ቆማችሁበት ሜዳ መጣ ማለት ነው። ካሜራችሁ ከእሱ ካሜራ አይወዳደርም፤ መጋዘናችሁም እንዲሁ። እሱ ግን ያቆየው አንድ ልማድ አለ፤ የቴሌቪዥን ሽያጭን ለዚህ ሁሉ ዓመት ያቆመውም ይኸው ልማድ ይመስለኛል፦ ያልወደዳችሁትን ዕቃ በተወሰነ ቀን ውስጥ መልሱ፣ ገንዘባችሁ ይመለሳል የሚለው።

በእኛ አገር ደረሰኝ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ይታተማል። ገዢው በእጁ ዳስሶ፣ በዓይኑ አይቶ፣ ተከራክሮ በሚገዛበት ሱቅ ይህ ቢያስኬድ እንኳ በስክሪን ለሚገዛ ሰው ፍርደ ገምድልነት ነው። ዕቃውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካው ገንዘቡን በቴሌብር ከከፈለ በኋላ ነውና። የነካው ቀን ላይወደው ይችላል፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። መመለስ ወጪ እንደሚያስወጣ አውቃለሁ። የሞተር ሳይክል አድራሹ ሁለት ጊዜ ይሄዳል፤ ወደ ውጭ የተላከ ቀሚስ ደግሞ በተመላሽ መንገደኛ ሻንጣ ካልሆነ መልሶ መምጣቱ ከባድ ነው። ቢሆንም መነሻ አለው። በመጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚገዙ ብቻ ጀምሩት፤ ያልተለበሰና ምልክቱ ያልተነሣ ልብስ በሦስት ቀን ውስጥ እንቀበላለን በሉ። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ጥቂት ብር እየቆጠባችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ። ውጭ ላሉት ደግሞ መመለስ ካልቻላችሁ ከመላኩ በፊት ያንኑ ቀሚስ፣ ራሱን እንጂ የሱን ዓይነት ሳይሆን፣ በቀን ብርሃን ቀርጻችሁ ላኩላቸውና እሺ እስኪሉ ጠብቁ። የተመለሰ ዕቃ ሲመጣ ምክንያቱን በደብተር ጻፉት። ልኩ ጠበበኝ፣ ቀለሙ ሌላ ነው፣ ጨርቁ ሳሳ የሚሉት መልሶች ሲደጋገሙ በሚቀጥለው ስርጭት ምን ማሳየትና ምን መናገር እንዳለባችሁ ከማንም በላይ ይነግሯችኋል።