ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠው ቁልፍና ሌሎች የቀረጻ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከተማሪዎች ናቸው። ግማሾቹ ‹‹የቱን ካሜራ ልግዛ?›› የሚሉ ስለሆኑ በአንድ መልስ እንገላገላቸው። የያዝከውን ስልክ አብጠርጥረህ እስክታውቀው ድረስ ምንም አትግዛ። ብር ከተረፈህ ማይክ ግዛበት። ምክንያቱን ወረድ ብለህ ታገኘዋለህ።

የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ቀራጭ ነኝ። አስተባባሪያችን ‹‹ወደ ላይ ፓን አድርጊ›› ይሉኛል። ጓደኞቼ ‹‹እሱ ፓን አይደለም›› ይላሉ። ማን ነው ልክ? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን)

ጓደኞችሽ ናቸው። አስተባባሪሽን ግን ሰው ፊት እንዳታርሚያቸው። ካሜራው ባለበት ቆሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር ፓን ነው፤ ‹‹እምቢ›› ስትይ ራስሽን እንደምታወዛውዢው ማለት ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ሲያይ ቲልት ይባላል። ዙም ላይ ካሜራው ንቅንቅ አይልም፤ የሚያቀርበው ሌንሱ ነው። ካሜራው ራሱ ተነስቶ ወደ ሰውየው ከሄደ ዶሊ ነው።

ልዩነቱን በዓይንሽ እዪው። አንድ ሰው ከፊት አቁሚ፤ ከኋላው ራቅ ብሎ የውሃ ታንከር ይኑር። በዙም ስታቀርቢው ሰውየውም ታንከሩም እኩል ያድጋሉ። በእግርሽ ስትቀርቢው ግን የሚያድገው ሰውየው ነው፤ ታንከሩ ብዙም አይለወጥም።

አንድ ዘዴ ልጨምርልሽ። ካሜራውን በእጅሽ ይዘሽ ፓን ስታደርጊ እግርሽን ወደ መጨረሻው አቅጣጫ አድርገሽ ቁሚ። ከዚያ ወገብሽን አዙረሽ ከመነሻው ጀምሪ። ሰውነትሽ እየተፈታ ስለሚሄድ መጨረሻው ላይ አይንቀጠቀጥም። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርግና ሲጨርስ እንደተጨመቀ ፎጣ ተጠምዝዞ ይቀራል። ሲጀመርም ሲያልቅም አምስት ሰከንድ ያህል ሳታንቀሳቅሺ ያዢው። ኤዲተሩ ይመርቅሻል።

አጎቴ ሱቅ ውስጥ በስልኬ ስቀርጽ ምስሉ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ይሄዳሉ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአክስቴ ልጅ በተመሳሳይ ስልክ ሲቀርጽ ምንም የለበትም። ስልኬ ተበላሽቶ ነው? (ከአዲስ አበባ)

ስልክህ ደህና ነው። የተለየው መብራቱ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው (በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል)፣ የአሜሪካ 60። በአንዱ ምልልስ መብራት ሁለቴ ይደምቃል። የሱቁ መብራት ዝም ብሎ የበራ ይመስልሃል እንጂ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይን አይይዘውም፤ ካሜራ ግን ይይዘዋል። ብዙ ስልኮች ሲመጡ በሰከንድ 30 ፍሬም (30 ነጠላ ምስል) ላይ ተደርገው ነው፤ ይህ ከአሜሪካው 60 ጋር ይገጥማል፣ ከእኛው 50 ጋር ግን አይገጥምም። የሹተሩ ፍጥነት (ካሜራው ለአንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ከመብራቱ ጋር ካልገጠመ የምስሉ አንዱ ክፍል ይደምቃል፣ አንዱ ይጨልማል። መስመሩ ያ ነው።

ፍሬሙን በሰከንድ 25፣ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርገው። የስልክህ ካሜራ ይህን የማያስነካ ከሆነ በእጅ የሚስተካከል የካሜራ አፕ ጫን። ‹‹ሹተሩ የፍሬሙ እጥፍ ይሁን›› የሚል የቆየ ደንብም አለ፤ 25 ላይ እሱም 1/50 ነው የሚሰጥህ። እንቅስቃሴው ለዓይን የሚለሰልሰው እዚያ ላይ ነው። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች ግን የራሳቸው አመል አላቸው። በዚህም እምቢ ካለህ አምፖሉን አጥፋና አጎትህን ወደ በሩ አስጠጋቸው።

ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ቀረጽን። ስናቀናብረው ግን ሁለቱም ወደ አንድ ጎን የሚያዩ ሆነው ተገኙ። (የሲኒማ ክበብ አባላት፣ ከሐዋሳ)

መስመር ዘላችኋል። ኳስ በቴሌቪዥን ስታዩ ዋናዎቹ ካሜራዎች በሜዳው አንድ ወገን ናቸው። አንዱ ማዶ ተሻግሮ ቢቀርጽ፣ ወደ ቀኝ ሲያጠቃ የነበረው ቡድን ድንገት ወደ ግራ ሲሮጥ ይታያል። ‹‹በራሱ ላይ ሊያገባ ነው እንዴ?›› ያሰኛል። ከአንዱ ተናጋሪ ወደ ሌላው የተዘረጋ ገመድ እንዳለ አስቡ። ካሜራችሁ ገመዱን አይሻገር።

ምስሌ ያምራል፤ ድምፁ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ነው የሚመስለው። በኤዲቲንግ ይስተካከላል? (ከጅማ)

ትንሽ ይሻላል እንጂ አይድንም። ይህን የተማርኩት ሰው አስለቅሼ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰርግ ስቀርጽ የሙሽሪት አያት ለምርቃት ተነሱ። እጃቸውን ዘርግተዋል፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ሸርተት ብሏል፣ ከኋላ የመስኮት ብርሃን ገብቷል። እኔ በፍሬሙ ሰክሬያለሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ‹‹ውለዱ፣ ክበዱ›› የለም። ያለው የጄኔሬተር ድምፅ ነው። ገመድ አልባው ማይክ አልበራም ነበር፤ እኔም ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አላደረግኩም። አያት በዓመቱ አረፉ። ሙሽሪት ደውላ ‹‹የእማማ ድምፅ የለም?›› ስትለኝ ምን ልበላት?

እናም ማዳመጫ ሳታደርግ ቀረጻ አትጀምር። ጉድጓድ የሚያስመስለው ከባዶ ግድግዳና ከወለል እየነጠረ የሚመለሰው ድምፅ ነው። ካሜራ በማያየው በኩል ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀል። ትንሿን ማይክ ከአገጭ በታች አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርገህ ሰካት። ማይክ ከሌለህ ሁለተኛ ስልክ ተዋስና ድምፅ መቅጃውን ከፍተህ ከፍሬሙ ውጪ፣ ከተናጋሪው አጠገብ አስቀምጠው።

ቤት ውስጥ ከሆነ ፍሪጅ ይነቀላል። ያ እንቅልፍ የሚያስወስድ ጉርምርምታ ቀረጻ ላይ ጉድ ይሠራል። ግን መልሶ መሰካት ይረሳል፣ የሰው ሥጋ ይበላሻል፣ ከዚያ ቤት ዳግም አትጠራም። የድምፅ ባለሙያዎች መላ አላቸው፤ የመኪናቸውን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጡታል። ቁልፉን ሳያወጡ መሄድ አይችሉም። መኪና ለሌለን የቤት ቁልፍም ይሠራል።

ከመነሳትህ በፊት ሁሉም ጸጥ ብሎ የክፍሉን ባዶ ድምፅ 30 ሰከንድ ቅዳ። የተቆራረጠ ንግግር ሲቀናበር መጣፊያው እሱ ነው።

ልጄ 12ኛ ክፍል ነው። ‹‹ቪዲዮ ነው የምማረው›› ብሎ ድርቅ አለብኝ። እንጀራ ይሆነዋል? (እናት፣ ከባሕር ዳር)

ስጋትዎ ይገባኛል። ሙያው ግን ካሜራ ተሸክሞ መዞር ብቻ አይደለም። ኤዲተር አለ፣ የድምፅ ባለሙያ አለ፣ መብራት የሚያዘጋጅ አለ፣ ገንዘቡንና ሰዉን የሚያስተዳድር ፕሮዳክሽን ማናጀር አለ። ተዋናዩ ሲኒውን በየትኛው እጁ ይዞ እንደነበር፣ ቡናው የት ጋ እንደደረሰ እየመዘገበ የሚውል ባለሙያም አለ። ልጅዎ የሰው ኩፍ ያለ ጸጉር ሳይቀር የሚያስተውል ዓይነት ከሆነ ለዚህ የተፈጠረ ነው። አሁን ደግሞ ሰርጉም ልቅሶውም ውጭ ላለ ዘመድ በቀጥታ ስለሚተላለፍ ይህን የሚችል ልጅ ይፈለጋል።

ገቢውን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎ። ቴሌቪዥን ጣቢያ ከተቀጠረ ደመወዙ የወር ነው። በግሉ ሰርግ ከሠራ ገንዘቡ ወቅት አለው፤ ጥር ላይ እንቅልፍ የለም፣ ሁዳዴ ሲገባ ስልኩ ዝም ይላል። የጥርን ገንዘብ ለሁዳዴ ማሻገር የማይችል ሰው ካሜራውን ሲሸጥ አይቻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ከገባ ጋዜጠኝነት ወይም ቴአትር ቅርብ ናቸው። እስከዚያ ግን አንድ ክረምት ከሚሠራ ሰው ጋር ያውሉት። ትራይፖድ ተሸክሞ አምሽቶ፣ በማግስቱም ‹‹ልሂድ›› ካለ አይከልክሉት።

በ4ኬ ወይስ በፉል ኤችዲ ልቅረጽ?

በፉል ኤችዲ። 4ኬ ምስሉ የበለጠ ጥራት ቢኖረውም ፋይሉ ይከብዳል። በአይፎን በሰከንድ 30 ፍሬም 4ኬ ስትቀርጽ አንዱ ደቂቃ 170 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ ፉል ኤችዲው 60። ስልክህ መሀል ላይ ከሚሞላብህ ይቅር።

ከቀረጻ በፊት ጣውላዋን ‹‹ጧ›› የሚያደርጓት ለምንድን ነው? ለማማር? (የ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአዳማ)

ቢያምርም ለሥራ ነው። ድምፅና ምስል በተለያየ መሣሪያ ሲቀዳ በኋላ ማገናኘት አለ። ኤዲተሩ ጣውላዋ የገጠመችበትን ፍሬም ይፈልጋል፣ ‹‹ጧ›› ያለችበትን ድምፅ ይፈልጋል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ይገጥማል። መግዛት አያስፈልግህም። ካሜራው ፊት ቁምና አንድ ጊዜ አጨብጭብ።