የዚንክ ኦክሳይድ ፊልምህ ቁጥር አልረጋ ካለህ መጀመሪያ ጨለማ ውስጥ አስቀምጠው

ወንድሜ፣ «በስፕሬይ የሠራሁት የዚንክ ኦክሳይድ ፊልም (ስስ ሽፋን) ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን) ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ ነው። የኦክስጅን ቫካንሲ (ኦክስጅን የጎደለበት ባዶ ቦታ) በዝቶበት ይሆን?» ያልከውን ሳነብ የማስተርስ ጊዜዬ ፊቴ ድቅን አለ። እኔ በዚህ ነገር አራት ወር አጥቻለሁ።

1. ቫካንሲ ነው ብለህ አትቸኩል። ዚንክ ኦክሳይድ ምንም ሳይጨመርበት ኤን ታይፕ (ኤሌክትሪኩን በኤሌክትሮን የሚያስተላልፍ) ስለሆነ፣ ድሮ ሁሉም ቫካንሲውን ነበር ተጠያቂ የሚያደርገው። በፈረንጆቹ ከ2000 ወዲህ የተሠሩ ስሌቶች ግን ቫካንሲው ጥልቅ ዶነር (ኤሌክትሮን ሰጪ) መሆኑን አሳዩ። ኤሌክትሮኑን በክፍል ሙቀት በቀላሉ አይለቅም። ሳይታሰብ የሚገባው ሃይድሮጅን ግን ይለቃል። ዚንክ አሲቴትና አልኮል ስትረጭ ደግሞ ሃይድሮጅን ሞልቷል።

2. ብርሃን። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። መለኪያዬ መስኮት ሥር ነበር። በአየር አኒል ያደረግኩትን (አግዬ ያቆየሁትን) ፊልም ጠዋት፣ በቫኪዩም ያደረግኩትን ከሰዓት በፀሐይ ለካሁ። የሁለተኛው ሬዚስታንስ በጣም ወርዶ ሳገኘው «ቫካንሲ ጨመረ» ብዬ ሙሉ ምዕራፍ ጻፍኩ። ለማረጋገጥ ሆል መለኪያ (የኤሌክትሮኖቹን ብዛት የሚያሳይ መሣሪያ) ወዳለበት ላብ ደብዳቤ ይዤ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ቁጥሩ አይረጋም፣ ናሙናህ የተበላሸ ነው» ብሎ መለሰኝ። እስካሁን ያናድደኛል። መልሱ እኮ ያው የማይረጋው ቁጥር ውስጥ ነበር!

አንድ ቀን ፊልሙን ከማልቲሜትሩ ሳልነቅል እራት ልበላ ወጣሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ስመለስ ንባቡ ብዙ እጥፍ ጨምሯል። በማግስቱም መውጣቱን አላቆመም። ያኔ ገባኝ። ፊልሙ ላይና ግሬይን ባውንደሪው (የክሪስታል ቅንጣቶቹ መገናኛ) ላይ የሚለጠፈው የአየር ኦክስጅን ኤሌክትሮን ይይዛል፤ ለሚያልፈው ኤሌክትሮንም አጥር ይሆናል። ከ375 ናኖሜትር ገደማ በታች ያለው ብርሃን ሲያርፍበት ኦክስጅኑ ይላቀቃል፣ ኤሌክትሮኑ ፊልሙ ውስጥ ይቀራል፣ ሬዚስታንሱ ይወርዳል። የመስኮት መስታወት ይህን ብርሃን በደንብ ያሳልፋል። በጨለማ ኦክስጅኑ የሚመለሰው ቀስ ብሎ ነው፤ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል።

ምዕራፉን ቀድጄ እንደገና ለካሁ። የዲፌንስ ቀን ፈታኞቹ ከሁሉም አስበልጠው የወደዱት የጨለማውን ግራፍ ነበር።

ስለዚህ ናሙናዎችህን በሙሉ በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልለህ ቢያንስ 24 ሰዓት አቆያቸው። ከዚያ እዚያው ጨለማ ውስጥ በየ10 ደቂቃው ለካ። ቁጥሮቹን እዚህ ለጥፋቸውና አብረን እናያቸዋለን።