መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ ባሰብኝ፤ ልተወው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ23 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ላለፉት ጥቂት ወራት ከሰው መሸሽ፣ ሌሊት ሌሊት ማልቀስና ምግብ መጥላት ስላስቸገረኝ ሆስፒታል ሄድኩ፤ ድባቴ ነው ተባልኩ። ሰርትራሊን የሚባል መድኃኒት፣ ባለ 50 ሚሊግራሙን፣ በቀን አንድ እንድወስድ ታዘዘልኝ። ዛሬ 10ኛ ቀኔ ነው። ማቅለሽለሹ አላስበላ ብሎኛል፤ እንቅልፌ ጭራሽ ጠፍቷል፤ ድባቴው ግን እንዳለ ነው። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ «ሱስ ይሆንብሻል፣ ቶሎ ተዪው» ትለኛለች። እናቴ ደግሞ መድኃኒቱን አቁሜ ጸበል እንድገባ ትፈልጋለች። ጾምም እየደረሰ ነው። የወር አበባ ሕመም ሲጠናብኝ ዲክሎፌናክ እወስዳለሁ፤ ሰሞኑን ደግሞ ጎረቤታችን ትራማዶል ሰጥተውኛል፤ እስካሁን አልዋጥኩትም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ማደር የሌለበት ጉዳይ እሱ ነውና። ትራማዶሉን አይውሰዱት። ጎረቤትዎ በክፋት እንዳላደረጉት አውቃለሁ፤ በእኛ አገር መድኃኒት እንደ ጨው ከቤት ቤት የምንዋዋሰው ነገር ሆኗል። ነገር ግን ሰርትራሊን የሚሠራው በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው ኬሚካል መልእክቱን ካደረሰ በኋላ ወደ ነርቩ ቶሎ እንዳይመለስ በማድረግ ነው። ትራማዶል ደግሞ ከሕመም ማስታገሻነቱ ሌላ ይህንኑ ሥራ በከፊል ይሠራል። ሁለቱ ሲገናኙ ሴሮቶኒን ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ ሰውነት ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትኩሳትና ተቅማጥ ይመጣል፣ ጡንቻ ያለፈቃድ ይወራጫል፣ ሰውየው ይቅበዘበዛል ወይም ይዘባርቃል። ሲከፋ ለሕይወት ያሰጋል። በዚያ ላይ ትራማዶል ብቻውንም እንኳ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ሊያስነሣ ይችላል፤ ከሰርትራሊን ጋር ሲሆን ስጋቱ ይጨምራል። ከጠቀስኳቸው ምልክቶች ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ የታዩበት ሰው እስኪነጋ አይጠብቅም፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል።

ዲክሎፌናኩም ቢሆን ይታሰብበት። ሰርትራሊንና ዘመዶቹ ደም የማርጋት ኃይልን በመጠኑ ይቀንሳሉ፤ ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና አስፕሪን ደግሞ የጨጓራን ግድግዳ ይጎዳሉ። አንድ ላይ ሲሆኑ ጨጓራ የመድማት ዕድሉ ከፍ ይላል። በእርስዎ ዕድሜ፣ የጨጓራ ቁስለት የሌለበት ሰው አንድ ቀን ወስዶ አደጋ ላይ ይወድቃል ማለቴ አይደለም። ለወር አበባው ሕመም ግን መጀመሪያ ፓራሲታሞል ይሞክሩ፤ ሆድዎ ላይ ሙቅ ውኃ የያዘ ላስቲክ ማድረግም ይረዳል። ካልበቃ ሐኪምዎ ሌላ መላ ይፈልግልዎታል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።

የሚገርመው፣ ብዙ ሰዎች የድባቴ መድኃኒት እየወሰዱ መሆናቸውን ለሌላ ሐኪም አይናገሩም። ጥርስ ለማስነቀል፣ ለወገብ ሕመም ወይም ለቲቢ ሲታከሙ ይደብቁታል፤ ስሙ ያሳፍራቸዋል። አንዳንዱ ደግሞ ሳያውቀው ሁለት የድባቴ መድኃኒት ይወስዳል። ለራስ ምታት ወይም ለነርቭ ሕመም በአነስተኛ መጠን የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ራሱ የቆየ የድባቴ መድኃኒት ነው፤ ከሰርትራሊን ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ ያለው መጠን ሊጨምር ይችላል። መድኃኒት ለተለማመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድም ከሰርትራሊን ጋር ያለ ጥንቃቄ የሚሰጥ አይደለም። ከአውሮፓ ዘመድ «የተፈጥሮ ነው» ብሎ የሚልከው ሴንት ጆንስ ወርት የተባለ የዕፅዋት እንክብልም ከዚሁ ጎራ ነው። ስለዚህ የመድኃኒቱን ካርቶን ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙ፤ የትም ቢታከሙ፣ ከየትኛውም ፋርማሲ ቢገዙ፣ አውጥተው ያሳዩ። መናገር ቢከብድዎ ካርቶኑ ይናገርልዎታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንሂድ። ይህን መድኃኒት ሰዎች የሚጥሉት በሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው እርስዎ አሁን ያሉበት ጊዜ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ደህና የሆኑ ዕለት። ሁለቱም ጊዜያት ለመተው የሚገፋፉ ናቸው፤ ሁለቱም ለመተው የማይመቹ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ክፉ ናቸው፤ አላባብልዎትም። ጉዳቱ ቀድሞ ይመጣል፣ ጥቅሙ ዘግይቶ ይከተላል። ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ ራስ ምታት፣ መቅበጥበጥና የእንቅልፍ መዛባት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበረታሉ፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ እየቀለሉ ይሄዳሉ። የስሜቱ ለውጥ ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፤ ሙሉ ውጤቱን ለመመዘን ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። በ10ኛው ቀን «ምንም አልሠራልኝም» ማለት ዘር ተዘርቶ ሳይበቅል ማሳውን መልሶ ማረስ ነው። ደግሞም መጀመሪያ የሚሻሻለው ሐዘኑ ላይሆን ይችላል። እንቅልፍ ትንሽ ይመለሳል፣ ጠዋት መነሣት ይቀልላል፣ ልብስ ማጠብ ተራራ መሆኑ ይቀራል፤ ይህን ከባለቤቱ ይልቅ አብሮ የሚኖር ሰው ቀድሞ ያየዋል።

ከዚህ ሁሉ ተለይቶ የሚታይ ግን አንድ ነገር አለ። ከ25 ዓመት በታች ያሉ ሰዎች እነዚህን መድኃኒቶች ሲጀምሩ ወይም መጠኑ ሲለወጥ፣ ጥቂቶቹ ላይ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊነሣ ወይም ሊባባስ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2004 እ.ኤ.አ. ስለ ሕፃናትና ታዳጊዎች ማስጠንቀቂያውን በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ አዘዘ፤ በ2007 ደግሞ ከ18 እስከ 24 ዓመት ያሉትን ጨመረ። እርስዎ በዚህ ዕድሜ ውስጥ ነዎት። ይህ መድኃኒቱን ለመፍራት ሳይሆን ብቻ ላለመሆን ምክንያት ነው፤ ሳይታከም የቀረ ድባቴ ራሱ ነፍስ ያጠፋልና። ጓደኛዎን «ሱስ ይሆንብሻል» ከምትልዎት ይልቅ ሌላ ሥራ ይስጧት፤ በእነዚህ ሳምንታት ጠባይዎ በድንገት ቢለወጥ፣ ቢቆጡ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ቢያቅትዎ ወይም የስንብት የሚመስል ንግግር ቢያመጡ ለሐኪም እንድትደውል። መሞትን ካሰቡ ያንኑ ዕለት ለአንድ ሰው ይንገሩ፤ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍልም አብሮዎት ይሂድ። ክኒኖቹንም ጓደኛዎ ትያዝልዎ።

ሌላም የምጠይቅዎት አለ። ከዚህ በፊት እንቅልፍ ሳያስፈልግዎት ለቀናት በኃይል የተሞሉበት፣ ንግግርዎ የፈጠነበት፣ ገንዘብ ያለ ልክ ያጠፉበት ጊዜ ነበር? ወይም ከቤተሰብ እንዲህ የሚያደርገው ሰው አለ? ካለ ለሐኪምዎ ይንገሩ። እንዲህ ያለው ሰው ድባቴው የሌላ ሕመም አንዱ ገጽ ሊሆን ይችላል፤ ሰርትራሊን ብቻውን ሲሰጠውም ወደ ሌላኛው ጫፍ ሊወረውረው ይችላል።

ለማቅለሽለሹ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ይውሰዱት። እንቅልፍ ከነሣዎት ጠዋት መውሰድ ይሻላል፤ የሚያስተኛው ሰው ደግሞ ማታ ይውሰደው። ቡና ክልክል አይደለም። ሆኖም እንቅልፍ በጠፋበት በዚህ ሰሞን ከሰዓት በኋላ ለሚፈላው ቡና አቦሉ ይብቃዎት፤ ቶናና በረካውን ለሌላው ይተዉ። መጠጥና ጫት ግን ከድባቴ ጋር አይስማሙም። ጫት ለጊዜው ያነቃና ሲለቅ የባሰ ይጥላል፤ እንቅልፍንም ይወስዳል።

ጾሙ ያን ያህል አያስጨንቅዎት። መድኃኒቱ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ስለሆነ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ሲያፈጥር ከምግቡ ጋር ሊወስደው ይችላል፤ በረመዳን የሚጾሙም እንዲሁ በአፍጥር ሰዓት። ያው ሰዓት በየቀኑ ይጠበቅ እንጂ ማለዳ መሆኑ ግዴታ አይደለም። ሰዓቱን ከጾሙ አስቀድመው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደዚያ ያሸጋግሩት። አንድ ቀን ቢረሱ፣ በዚያው ቀን ካስታወሱ ይውሰዱት፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ይተዉት። ለማካካስ ሁለት መዋጥ የለም።

ጓደኛዎ ስለ ሱስ ያነሣችው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ሌላ ነው። ሱስ ሰውን ያስመኛል፣ መጠኑን እያስጨመረ ይሄዳል፤ ሰርትራሊን ይህን አያደርግም። ለእንቅልፍ እየተባለ የሚወሰደው ዳያዜፓም ነው በዚህ ሊጠረጠር የሚገባው። ነገር ግን ሰውነት ሰርትራሊኑን ይለምደዋል። ለሳምንታት የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆም በጥቂት ቀናት ውስጥ ማዞር፣ ብስጭት፣ ቅዠትና ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ያለ ስሜት ሊመጣበት ይችላል። ይህን ያየ ሰው «ይኸው ሱስ ሆነብኝ» ይላል። መፍትሔው ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ መጠኑን በሳምንታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ መቀነስ ነው።

መቼ ይቆማል? ደህና በሆኑ ማግስት አይደለም። ይህ ሁለተኛው የመጣያ ጊዜ ነው፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያታልለው ይህ ነው፣ ሰው ጤነኛ ሆኖ መድኃኒት መዋጥ ትርጉም አይሰጠውምና። ሕመሙ ከለቀቀ በኋላ ቢያንስ 6 ወር መቀጠል ይመከራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ደግሞ ምልክት ሳይኖር ከ9 እስከ 12 ወር ከቆየ በኋላ ማቆም እንዲታሰብ ይላል። ድባቴው ከዚህ በፊትም ተመላልሶ ከነበረ ከዚያም ይረዝማል።

አንድ ጉዳይ ደግሞ እርስዎ አልጠየቁኝም፤ ብዙ ሰውም አይጠይቅም። ሰርትራሊንና መሰሎቹ የግብረ ሥጋ ፍላጎትን ሊቀንሱ፣ እርካታን ሊያዘገዩ ወይም ሊያስቀሩ ይችላሉ። ይህ እንደ ማቅለሽለሹ በሁለት ሳምንት ላይለቅ ይችላል። ባለትዳሮች መድኃኒቱን በድብቅ የሚያቆሙት በአብዛኛው በዚህ ነው፤ ሐኪሙ ፊት ግን «ስለ ተሻለኝ ነው» ይላሉ። ቢነገረው መጠኑን ሊያስተካክል ወይም መድኃኒቱን ሊለውጥ ይችል ነበር። እርግዝና ካሰቡም አስቀድመው ይማከሩ፤ ሳያስቡት ካረገዙ ደግሞ ደንግጠው በራስዎ አያቁሙ። ሰርትራሊን በእርግዝናና በጡት ማጥባት ወቅት ከሚመረጡት አንዱ ነው፤ ይቀጥል አይቀጥል የሚለው በሐኪምዎ ይመዘናል።

ስለ እናትዎ። ጸበሉንና መድኃኒቱን አንዱን ምረጪ ብሎ የሚያስገድድ ሕክምና የለም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበልን አብሮ መጠቀም እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለእናትዎ ከእኔ ቃል ይልቅ ይህ ሳይቀላቸው አይቀርም። ጸበል ከገቡም ክኒኑን ይዘው ይግቡ። ለብዙ ቀናት ሳይበሉ መቆየት ግን ምግብ ለጠላ ሰው ይከብዳል፤ ይህንን ከአጥማቂው አባት ጋር በግልጽ ይነጋገሩ። ከሁሉ የሚሻለው እናትዎን በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘው መሄድ ነው። እናት ልጇ ምን እየዋጠች እንደሆነ ስትሰማ ፍርሃቷ ይቀንሳል፤ ያለ ባለሙያ ገለጻ በር ላይ ስታስቀምጧት ነው የሚብሰው።

ቀጠሮዎ ከሁለት ሳምንት በላይ ከራቀ እንዲቀርብልዎ ይጠይቁ፤ በዚህ ዕድሜና በዚህ ጅማሬ ረጅም ቀጠሮ ጥሩ አይደለም። እንቅልፉ ከሰባት ቀን በኋላም ካልተሻለ ሐኪሙ ለአጭር ጊዜ መጠኑን ወደ 25 ሚሊግራም አውርዶ ቀስ ብሎ ሊያሳድገው ይችላል፤ ክኒኑን በራስዎ አይክፈሉት። የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ባለሙያ ካለም ይጠይቁ፤ መድኃኒትና ንግግር አብረው ሲሄዱ ይበልጥ ይረዳሉ።

መድኃኒቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይግዙ፤ ፋርማሲዎች ውስጥ የሚጠፋበት ወቅት አለና። የካርቶኑ ስም ተለውጦ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ከሥሩ ሰርትራሊን 50 ሚሊግራም የሚል መኖሩን ያረጋግጡ። «እሱ የለም፣ ፍሉኦክሰቲን አለ፣ ያው ነው» ቢሉዎት ግን ያው አይደለም። ከሰውነት የሚወጣበት ጊዜ የተለያየ ስለሆነ ለውጡን ሐኪም ያድርገው፤ እስከዚያው ሌላ ፋርማሲ ይጠይቁ ወይም ወደ ታከሙበት ሆስፒታል ይደውሉ።