የደመወዝ ወለል ቢወጣ፦ ከጎጃም የደረሱን ጥያቄዎች

ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ካለ ወዲህ “የግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለልስ (ማለትም ከሱ በታች መክፈል የማይቻለው ዝቅተኛ ደመወዝ) መቼ ነው የሚወጣው?” የሚል ጥያቄ በዝቶብናል። ከጎጃም ከደረሱን መካከል ስድስቱን መርጠን መልሰናል። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናል።

ጥያቄ፦ የግሉንም ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ካደረጉት ዳቦ ቤቴን መዝጋቴ ነው። በቀን 3 ኩንታል ዱቄት እጋግራለሁ። አራት ረዳቶች በ3,000፣ ሁለት አቡኪዎች በ4,500፣ አንዲት ሻጭ በ5,000፣ ዋናው ጋጋሪ በ9,000 ብር ይሠራሉ። ባለ 100 ግራሙን ዳቦ በ10 ብር እሸጣለሁ። ምን ይሻለኛል? (የዳቦ ቤት ባለቤት፣ ደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ በቅድሚያ የሕጉ ነገር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት፣ የሠራተኞችና የሌሎች ባለድርሻዎች ተወካዮች ያሉበት የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚቋቋም ይደነግጋል። ቦርዱ የኢኮኖሚውን ዕድገትና የሥራ ገበያውን እያጠና ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው ይከልሳል። 6,000 ብሩ ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የደመወዝ እርከን ነው፤ እርስዎን አያስገድድም።

እንደፈሩት ሆኖ ቢወጣስ? ከመዝጋትዎ በፊት ፔሮሉን ይዘው ይቀመጡ። አራቱ ረዳቶች 12,000፣ ሁለቱ አቡኪዎች 3,000፣ ሻጯ 1,000 ብር ይጨምራሉ፤ በድምሩ 16,000። አሠሪው የሚከፍለው የጡረታ መዋጮ 11 ከመቶ ስለሆነ 1,760 ብር ይታከልበታል። ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ያቆማል፤ ስህተቱም እዚህ ነው። ሕጉ ለጋጋሪው ምንም አይጨምርለትም። ነገር ግን ትናንት የረዳቱን ሦስት እጥፍ ያገኝ የነበረ ሰው ዛሬ አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ሲሆን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወይ ይጠይቃል ወይ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ይወስደዋል። ለሱ 1,500 ብር ይያዙለት፤ ከነጡረታው 1,665 ይሆናል። ጠቅላላ ጭማሪው በወር 19,425 ብር መጣ። ከነጡረታው 38,850 ብር የነበረው የሠራተኛ ወጪ 58,275 ሆነ፤ ልክ በግማሽ አደገ ማለት ነው።

አሁን ይህን በዳቦው ያካፍሉት። አንድ ኩንታል ዱቄት ውኃው ሲገባበት 1,300 ያህል ባለ 100 ግራም ዳቦ ይወጣዋል። 3 ኩንታል በ26 የሥራ ቀን 101,400 ዳቦ ነው። 19,425ን ለዚህ ሲያካፍሉት በአንድ ዳቦ 19 ሳንቲም ገደማ ይደርሳል። በሌላ አነጋገር ዱቄት በኩንታል 250 ብር ሲጨምር የሚደርስብዎት ጉዳት ከዚህ እኩል ነው። የ250 ብር የዱቄት ጭማሪ ደግሞ ስንት ጊዜ አሳልፈዋል!

ይህ ማለት ግን አይነካዎትም ማለት አይደለም። ጭማሪው ከሽያጭዎ 2 ከመቶ ያህል ነው፤ የተጣራ ትርፍዎ ከሽያጩ 5 ከመቶ ከሆነ ሁለቱን መስጠት ያማል። ስለዚህ የተወሰነውን ወደ ገዢ ለማሻገር ይሞክራሉ። 19 ሳንቲም ዛሬ በእጅ የሚቆጠር ገንዘብ ስላልሆነ ጭማሪው ወይ ሙሉ አንድ ብር ሆኖ ይመጣል ወይ ከግራሙ ይሸረፋል። አንድ ብር ቢጨምሩና ገዢው ባይቀንስ በወር 101,400 ብር ያገኛሉ፤ ለሠራተኛ የጨመሩት ግን 19,425 ነው። “ደመወዝ ስለጨመርን ነው” የሚል ነጋዴ ሲያጋጥም አንባቢዎቻችን ይህን ቢያስታውሱ አይከፋም።

ሁለት ሰው አሰናብተው የቀሩትን ትርፍ ሰዓት ማሠራት ካሰቡ ግን አያዋጣዎትም። 6,000 ብር ለ208 ሰዓት (በሳምንት 48) ሲካፈል በሰዓት 28.85 ብር ነው። የቀን ትርፍ ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ 43.27፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75 ተባዝቶ 50.48 ይሆናል። የዳቦ ሥራ ደግሞ በአብዛኛው የሌሊት ነው። መደበኛ ሠራተኛ ከነጡረታው በሰዓት 32 ብር ብቻ ነው የሚያስወጣዎት። በዚያ ላይ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ አይችልም።

የእርስዎ ሒሳብ ቀለል ያለው ዋናው ወጪዎ ዱቄትና ማገዶ ወይም መብራት ስለሆነ ነው። ከ100 ብር ወጪው 60ው ደመወዝ የሆነ መዋዕለ ሕፃናት ወይም ልብስ ማጠቢያ ቤት ፔሮሉ በግማሽ ሲያድግ ጠቅላላ ወጪው 30 ከመቶ ያድጋል። ሥራ የሚቀንሰው፣ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚወጡት፣ ሳይከፈት የሚቀረው ድርጅት የሚገኘው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ በፋብሪካ በ3,000 ብር ተቀጥሬ እሠራለሁ። ወለሉ 6,000 ቢሆን 3,000 ብሩ ሙሉ በሙሉ እጄ ይገባል? (ሠራተኛ፣ ቡሬ)

መልስ፦ አይገባም። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ እስከ 4,000 ባለው ላይ 15 ከመቶ፣ እስከ 7,000 ባለው ላይ 20 ከመቶ ይታሰባል። ዛሬ በ3,000 ብርዎ ግብሩ 150፣ ጡረታው (7 ከመቶ) 210፣ እጅዎ የሚገባው 2,640 ነው። በ6,000 ግብሩ 700፣ ጡረታው 420፣ እጅዎ የሚገባው 4,880 ይሆናል። አሠሪዎ 3,330 ብር ጨምሮ ሲያወጣ እርስዎ ጋ የሚደርሰው 2,240 ነው። 550 ለግብር፣ 540 ከሁለታችሁም ለጡረታ ይሄዳል። የጡረታው ኋላ የሚመለስ የራስዎ ገንዘብ ነውና እንደጠፋ አይቁጠሩት።

ከግብሩ ይልቅ ሊጠነቀቁት የሚገባው አበሉን ነው። ወለል ሲወጣ አሠሪዎች መጀመሪያ የሚነኩት የትራንስፖርት፣ የምሳና የትጋት ክፍያን ነው። 3,000 መነሻ፣ 1,200 ትራንስፖርት፣ 800 የትጋት ክፍያ የነበረውን ሰው “ደመወዝህ 6,000 ሆኗል፣ አበል ቀርቷል” ካሉት የጨመሩለት 3,000 ሳይሆን 1,000 ነው። አንድ ጥቅም አለው፤ ትርፍ ሰዓትና ጡረታ የሚሰላበት መነሻ ከፍ ይላል። ሥራው ዘወትር ትርፍ ሰዓት ካለበት ልውውጡ ሊያዋጣ ይችላል፤ ከሌለበት ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው። ምሳና ማደሪያ የሚሰጥ ድርጅትም ያንን በፈለገው ዋጋ ቆጥሮ ከደመወዝ ሊያወራርድ አይችልም። አዋጁ በዓይነት የሚሰጥ ክፍያ ከአካባቢው የገበያ ዋጋ እንዳይበልጥ፣ በምንም ሁኔታ ደግሞ በገንዘብ ከሚከፈለው ደመወዝ 30 ከመቶ እንዳያልፍ ይከለክላል። ስለዚህ ደንቡ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው ቁጥሩ ሳይሆን “ደመወዝ” የሚለው ቃል ምን ምን ይጨምራል የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ እኛ የቀን ሠራተኞች ነን። ቋሚ ደመወዝ የለንም። ይህ ነገር እኛን ይመለከታል? (ከፍኖተ ሰላምና ከመራዊ)

መልስ፦ ወለሉ በወር ብቻ ከተጻፈ አይደርሳችሁም፤ በቀንና በሰዓት ካልተተረጎመ የቀን ሠራተኛ መያዣ የለውም። 6,000 ለ26 ቀን ሲካፈል 231 ብር ግድም ይሆናል።

በአጨዳና በውቂያ ወራት ይህ ቁጥር የሚያደርገው ነገር የለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሁሉም ጤፉን አንድ ላይ ስለሚያነሳ ሠራተኛው ይጠራል፤ ቀኑንም ምሳውንም ጠላውንም ተከራክሮ ነው የሚገባው። ክረምት ላይ ወጣቱ ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አረም ሲወርድም ጎጃም ያለው ክፍያ ያለ ማንም አዋጅ ይወጣል። ወለል የሚሠራው ሰው በበዛበትና ሥራ በጠፋበት ጊዜ ነው፤ ለምሳሌ አሸዋና ድንጋይ በሚያመላልሱ ሴቶች ላይ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው።

ገበሬው ዘንድ ደግሞ ሌላ መውጫ አለ። የቅጥር ዋጋ ሲወደድበት ወደ ወንፈልና ደቦ ይመለሳል። ሥራው ይሠራል፣ እህሉ ይነሳል፣ ገንዘብ ግን ከእጅ እጅ አይዞርም። መሬት የሌለው ወጣት የሚጎዳው በዚህ ነው፤ ወንፈል የሚመልሰው የራሱ ማሳ ያለው ሰው ነውና።

ኮንትራክተር ዘንድ መውጫው ቁርጥ ነው። “በቀን አልቀጥርም፣ በሜትር ኩብ ቆፍር” ይላል። ቁርጥ መጥፎ አይደለም፤ ዋጋው ወደ ቀን መመንዘር አለበት እንጂ። ደረቅና መካከለኛ አፈር ላይ አንድ ሰው በ8 ሰዓት 3 ሜትር ኩብ ቢቆፍር የቀኑን 231 ብር ለማግኘት በሜትር ኩብ 77 ብር ይበቃዋል። ውኃ የጠጣ ዋልካ ላይ ግን አፈሩ ከአካፋው ስለማይላቀቅ 1.5 ሜትር ኩብ ከወጣለት ብዙ ነው፤ እዚያ 154 ብር ካልሆነ ከወለል በታች ሠራ ማለት ነው። የበጋ ዋጋ ይዛችሁ የክረምት ጉድጓድ አትዋዋሉ።

ጥያቄ፦ ክፍል ውስጥ የተማርነው “ወለል ከገበያው ዋጋ ሲበልጥ ሥራ አጥነት ይጨምራል” ነው። የአሜሪካው ጥናት ደግሞ ተቃራኒውን አሳየ ይባላል። ማንን ልመን? (የኢኮኖሚክስ ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ሁለቱንም፤ በየቦታቸው። የሚሉት ጥናት የኢኮኖሚስቶቹ የዴቪድ ካርድና የአለን ክሩገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ጀርሲ ወለሉን በሰዓት ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ስታሳድግ ጎረቤቷ ፔንሲልቫኒያ ባለችበት ቀረች። ሁለቱ ሰዎች በሁለቱም ግዛቶች 410 ፈጣን ምግብ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትና በኋላ ጠየቁ፤ ኒው ጀርሲ ውስጥ ቅጥር ቀነሰ የሚያሰኝ ነገር አላገኙም። ካርድ እ.ኤ.አ. በ2021 ኖቤል ሲሸለም ይህ ሥራው ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን በቁጥር ይዩት። በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ትልቅ ቀጣሪ ብቻ አለ እንበል። 100 ሰው በ3,000 ብር ያሠራል። 101ኛውን ከሩቅ ቀበሌ ለማምጣት 3,050 መክፈል አለበት፤ ለአዲሱ ብቻ ከፍሎ ለቀሩት መከልከል ስለማይችል ለመቶውም 50 ይጨምራል። ስለዚህ አንዱ ሰው የሚያስወጣው 3,050 ሳይሆን 8,050 ብር ነው። ይተወዋል፤ ክፍት ቦታ እያለው “ሠራተኛ ጠፋ” ይላል። ወለሉ 3,500 ቢሆን ግን በ3,500 የሚመጣ ሰው እስካለ ድረስ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው የሚያስወጣው 3,500 ብቻ ነው። ወለሉ ወጥቶም ቅጥር ሊጨምር የሚችለው በዚህ ነው። ወለሉ ሠራተኛው ከሚያመርተው በላይ ሲሆን ግን ይህ ሁሉ ይፈርሳል፤ መምህርዎ የሣሉት ሥዕል ያኔ ይሠራል።

ለእኛ ከኒው ጀርሲ ይልቅ የሚቀርበው የደቡብ አፍሪካ እርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ለእርሻ ሠራተኛ ወለል ሲወጣ የሠራተኛው ክፍያ ከፍ አለ፣ የጽሑፍ ውል ያለው ሰው በዛ፣ የተቀጣሪው ቁጥር ግን ቀነሰ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ። ፈተና ላይ “ውጤቱ ምንድን ነው?” ተብለው ሲጠየቁ አንድ መልስ ከጻፉ ግማሽ ማርክ ነው ብለው ይያዙ።

ጥያቄ፦ ደመወዝ ተጨመረ በተባለ ማግስት ቤት ኪራይም ጤፍም ይጨምራል። ታዲያ ምን ይጠቅማል? (መምህርት፣ ቢቸና)

መልስ፦ እርስዎ ያዩት የመንግሥት ሠራተኛ ጭማሪ ነው፤ ከወለል ይለያል። ያኛው ከበጀት ወጥቶ ወደ ገበያ የሚገባ አዲስ ገንዘብ ነው። ወለል ግን ከአሠሪው ኪስ ወደ ሠራተኛው ኪስ የሚሻገር ነው። ኪራዩ የሚወጣው አከራዩ የእርስዎ ደመወዝ ስንት እንደሆነ ስለሚያውቅና በከተማው ያለው ቤት በአንድ ወር ስለማይጨምር ነው፤ ጭማሪው በይፋ ሲታወጅ ኪራዩም አብሮ ይታወጃል። ጤፍ ሌላ ነው። በቅጥር የሚታረምና የሚታጨድ ስለሆነ የቀን ክፍያ ይነካዋል። ይሁን እንጂ የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ማዳበሪያና ነዳጅ በጤፍ ላይ ያመጡት የዋጋ ጭማሪ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ የቤት ሠራተኛዬስ? (እማወራ፣ ሞጣ)

መልስ፦ አዋጅ 1156/2011 የግል አገልግሎትን ሁኔታ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ስለተወው የፋብሪካው ወለል ቢወጣም በቀጥታ አይደርሳትም። አሁን ማድረግ የሚችሉት ውሉን በጽሑፍ ማድረግ ነው፤ ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ የወሩ ስንተኛ ቀን እንደሚከፈል፣ በሳምንት የትኛው ቀን ዕረፍቷ እንደሆነ፣ ብትታመም ማን እንደሚያሳክማት። ደመወዟን “አጠራቅሜ እሰጥሻለሁ” ብለው አይያዙባት፤ በየወሩ ቆጥረው ይስጧትና ሁለታችሁም ፈርሙበት።