ሰው ተመልሷል፣ ትምህርቱስ?

ልጆቼ፣ የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሰሞኑን ለእረፍት የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ሃይማኖት ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ ወገን «ጊዜው አልፎበታል» ይላል። ሌላው ደግሞ ሳይንስን ማጣጣል እምነት ይመስለዋል። ለሁለቱም የምለው አለኝ።

«ያልፍበታል» የሚለውን እኛም ሰምተነዋል፤ ያውም ከመንግሥት አፍ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሃይማኖት ከፊውዳሉ ጋር አብሮ እንደሚቀበር ነበር የሚነገረን። በ1967 የገጠር መሬት ሲወረስ ቤተ ክርስቲያንም መሬቷን አጣች። የደብረ ኤልያሱ ተወላጅ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ተነሡ፤ በኋላም ተገደሉ። ባህር ማዶም ቢሆን ትንበያው ተመሳሳይ ነበር። ፒተር በርገር የሚባለው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዘመናዊነት ሲስፋፋ ሃይማኖት ይመነምናል ከሚሉት አንዱ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ግን ዓለም ዛሬም እንደ ድሮው ሃይማኖተኛ ናት፣ ምዕራብ አውሮፓ ነው ለየት የሚለው ብሎ ጻፈ። በአደባባይ ሐሳቡን የሚቀይር ምሁር ደስ ይለኛል፤ ብዙ አይገኝም።

እኛም ዘንድ ሃይማኖትን ያነቃቃው ያልተማረው ብቻ አልነበረም። ደርግ በ1983 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ብላቴ ጦር ማሠልጠኛ ላካቸው። እዚያ አብረው ይጸልዩ ከነበሩት መካከል በ1984 ማኅበረ ቅዱሳንን ከመሠረቱት አሉ። ፊዚክስና ምሕንድስና የሚማር ሰው ነው ግቢ ጉባኤን፣ የዩኒቨርሲቲ ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎችን ጉባኤ፣ የሞላው።

አንድ ነገር ግን አትቀላቅሉ። መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ ማለት ሃይማኖት ይጥፋ ማለት አይደለም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስ የመንግሥት ሃይማኖት ነበር። እስላም ጎረቤታችን ኢድን እንደ ብሔራዊ በዓል ማክበር የጀመረው ከአብዮቱ በኋላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጣልቃ አይገባም፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጣልቃ አይገባም ይላል። በተግባር ምን ያህል ተከበረ የሚለው ሌላ ጣጣ ነው። ሐሳቡን ግን እኔ እወደዋለሁ። ቤተ ክርስቲያንም ሆነች መስጊድ ከቤተ መንግሥት ራቅ ስትል የሚበጀው ለራሷ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሕዝቡ ተመልሷል። ለጥምቀት ቲሸርት አሳትሞ ታቦት የሚያጅበው ወጣት መንገድ ይዘጋል። ቲክቶክ በስብከት ተጥለቅልቋል። መማሩ ግን አብሮ አልተመለሰም። ጎጃም እኮ የቅኔ አገር ነው! ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ቤት ስሞች ናቸው። ከየአገሩ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራፍ እየለመነ የሚመጣው ተማሪ ለዚያ ነበር የሚንከራተት። ቀን ብቻውን ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል። የትናንቱን መድገም የለም፤ የሌላ ሰው ማቅረብማ ነውር ነው። የኔታም ከተበላሸ በሰው ፊት ያርሙታል፤ አንዳንዴ ጭርሱን ይመልሱታል። ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ያላት አጭሯ ቅኔ፣ ጉባኤ ቃና፣ እንኳ ስንት ጊዜ ታስለቅሳለች። እዚያ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ክህደት አይደለም፤ ሥራው ራሱ መጠየቅ ነው። ዛሬ የሰላሳ ሰከንድ ቪዲዮ አይቶ ሌላውን መናፍቅ የሚለው ልጅ ያን ወንበር አንድ ሳምንት ቢቀመጥበት ምላሱ ረጋ ይል ነበር ብዬ አስባለሁ።

የማታምኑትም ብትሆኑ አንብባችሁ ካዱ። በኢንተርኔት የቀልድ ምስል (ሚም) አትካዱ። የምታምኑት ደግሞ ባዮሎጂን አትፍሩት። ክፍል ውስጥ ዝግመተ ለውጥ ስደርስ ጆሮውን የሚደፍን ተማሪ ነበረኝ። «ፈተናው የሚጠይቅህ ገብቶህ እንደሆነ ነው፣ ማመንህን አይደለም» እለው ነበር። ጠበልና መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም እንዲወስዱ መክረዋል። ክኒናችሁን ጥላችሁ ጠበል አትሂዱ።

መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ አንዱን የቅኔ ጉባኤ ሄዳችሁ ስሙ። ግእዙ ባይገባችሁ ተማሪዎቹን ጠይቁ፤ ሰሙንም ወርቁንም ይፈቱላችኋል። ስትሄዱ ግን ባዶ እጃችሁን እንዳትሄዱ፤ በሶም ቢሆን ያዙ።