የሞተሬ እቃ 4 ወር ሙሉ አልመጣም፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ "ሞተር ሳይክሌን ጉልበት ለማስጨመር ፈልጌ አንድ መካኒክ ትልቅ ሲሊንደር፣ ፒስተን ከነሪንጉ፣ ካምሻፍትና ካርቡሬተር ከውጭ አስመጥቶ ሊገጥምልኝ ተስማማን። ግማሹን ከፍያለሁ፣ ደረሰኙ ላይ 'ቅድሚያ ክፍያ' ይላል። በ3 ሳምንት ይደርሳል ብሎ ሞተሩን ያኔውኑ ፈታው። ይኸው 4 ወር ሆነ። ስደውል 'እየመጣ ነው' ይለኛል፣ ባለፈው ደግሞ እቃው ስለተወደደ ጨምር አለኝ። ጥፋቱ የላኪው ነው እንጂ የኔ አይደለም ይላል። እኔ በሞተሩ እቃ እያደረስኩ ነው የምኖረው። ጓደኞቼ እጥፍ አድርጎ ይመልስልሃል ይሉኛል። ልክ ናቸው?"

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅህ፣ በነዚህ 4 ወራት ለመካኒኩ በጽሁፍ የሰጠኸው ነገር አለ? በስልክ የተጨቃጨቃችሁትን ማለቴ አይደለም። ከሌለ ያ ሁሉ መጠበቅህ ሕግ ፊት ብዙም አይቆጠርልህም፣ ይሄን ስልህ እያዘንኩ ነው ምክንያቱም ሰው በትእግስት ሲጠብቅ መብቱን እያጠራቀመ ይመስለዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 የሚለው ሌላኛው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብለህ መብት ከመጠየቅህ በፊት ግዴታህን ፈጽም ብለህ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብህ ነው። ቀን ተቆርጦለት በዛ ቀን ውስጥ ብቻ መፈጸም ላለበት ውል ማስጠንቀቂያ እንደማያስፈልግ 1775 ላይ አለ፣ ግን ያንተ "በ3 ሳምንት ይደርሳል" በቃል የተባለ ነገር ስለሆነ ግምት ነው የነገርኩት ብሎ ሊከራከር ይችላል፣ ስለዚህ እሱ ላይ አትደገፍ። ቀን አልተቆረጠም ቢባል እንኳን 1756 ስለሚያድንህ አትስጋ፣ ቀን ያልተወሰነለት ውል ፈጽም ብለህ በጠየቅክ ጊዜ መፈጸም አለበት።

ስለዚህ ዛሬውኑ ጻፍ። ረጅም አያስፈልግም፣ እንዲህ ብትለው በቂ ነው፦ "ለሞተር ሳይክሌ ሲሊንደር፣ ፒስተን፣ ካምሻፍትና ካርቡሬተር አቅርበው ሊገጥሙልኝ ተስማምተን ግማሹን ክፍያ ፈጽሜያለሁ። እስካሁን አልፈጸሙልኝም። ይህ ማስጠንቀቂያ በደረሰዎት በ15 ቀን ውስጥ ሥራውን አጠናቀው እንዲያስረክቡኝ፣ ካልሆነ ግን ከዚያ በኋላ የማልቀበል መሆኔንና ውሉን ሰርዤ ገንዘቤንና ካሳ የምጠይቅ መሆኔን አውቀው እንዲፈጽሙ አስታውቃለሁ።" ከዚህ ውስጥ "ከዚያ በኋላ የማልቀበል" የሚለውን ቃል እንዳትተወው፣ 1774 እንዲህ ያለ የጊዜ ገደብ እንድትሰጥ ይፈቅድልሃል፣ ገደቡ ካለፈ ደግሞ በ1787 መሰረት ውሉን ሰርዣለሁ ማለት ትችላለህ። 15 ቀን ያልኩህ እቃው ካንተ እጅ ውጪ መንገድ ላይ ስላለ ነው፣ 2 ቀን ብትሰጠው ፍርድ ቤቱ ምክንያታዊ አይደለም ሊልህ ይችላል። ሁለት ኮፒ አድርገህ አንዱ ላይ ተቀብያለሁ ብሎ ይፈርምልህ፣ አልፈርምም ካለ በሪኮመንዴ (በአደራ) ፖስታ ላክለት፣ በቴሌግራምም ጨምርለት። የቴሌግራም መልእክት ምን ዋጋ አለው እንዳትል፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጁ (1205/2012) በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱ እንዳይካድ አድርጎታል። እስካሁን የተጻጻፋችሁትን አንዱንም እንዳታጠፋ፣ ቮይሶቹንም ጭምር።

"ጥፋቱ የላኪው ነው" የሚለው አያስኬደውም። አንተ የተዋዋልከው ከመካኒኩ ጋር ነው፣ ላኪውን መርጦ ያመጣው እሱ ነው፣ ገንዘቡንም የተቀበለህ እሱ ነው። ከአቅም በላይ የሚባለው (1792) ሊታሰብ የማይችልና መፈጸምን ጨርሶ የሚከለክል ነገር ሲሆን ነው፣ የእቃ መዘግየት ደግሞ በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። በእርግጥ መንግስት የዛን እቃ መግባት ከልክሎ ቢሆን ሌላ ጉዳይ ይሆን ነበር፣ ካለ ማስረጃውን እሱ ያምጣ። ጨምር ያለህን በተመለከተም አትጨምር፣ 1764 ውሉን መፈጸም ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ወድደህ ከተስማማህ ግን አዲስ ስምምነት ስለሚሆን በስልክ "እሺ" እንዳትለው በጣም ተጠንቀቅ።

እጥፍ የሚለውን ጓደኞችህ የሰሙት ከቀብድ ነው። ቁጥር 1885 ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ሲተው እጥፉን ይመልሳል ይላል እውነት ነው፣ ያንተ ደረሰኝ ግን "ቅድሚያ ክፍያ" ነው የሚለው፣ ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ የዋጋው አካል ነው፣ ውሉ ሲፈርስ የሚመለሰው የከፈልከው ልክ ነው። እጥፉ ላይ ተስፋ ጥለህ ክስ ብትከፍት ትጎዳለህ፣ ለፍርድ ቤት የዳኝነት ክፍያ የምትከፍለው በጠየቅከው ገንዘብ ልክ ነውና።

የቀረብህን ገቢ ግን ጠይቅ። 1801 ላይ ውሉ ሲደረግ ልዩ ሁኔታህን ነግረኸው ከሆነ በዛ ምክንያት የደረሰውን ተጨማሪ ጉዳት ይከፍላል ይላል፣ ስለዚህ "በዚህ ነው የምሰራው፣ ቶሎ አድርስልኝ" ያልክበት መልእክት ወይ የሰማ ሰው ካለ ወርቅ ነው። በቀን ምን ያህል ታስገባ እንደነበረም የክፍያ መልእክቶችህን ሰብስብ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፣ 1802 አንተም ጉዳቱ እንዳይበዛ የምትችለውን ማድረግ አለብህ ይላል። ሌላ ሞተር ለጊዜው ተከራይተህ መስራት ስትችል 4 ወር ቁጭ ብለህ ከሆነ ካሳው ሊቀነስብህ ይችላል።

ይሄ ግዴታ የተፈታው ሞተርህ ላይም አለ። ሲሊንደሩ ወጥቶ ኮኔክቲንግ ሮዱ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) በጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ 4 ወር ከቆመ እርጥበት ያዛገዋል፣ ጨርቁ ስር የገባ አቧራና አሸዋ ደግሞ ወደ ክራንክሻፍቱ ቤሪንግ ይወርዳል። ሄደህ መካኒኩ እያየ ዘይት አስቀባው፣ በላስቲክ በደንብ አስሸፍነው፣ እያንዳንዱን ነገር ቀን በሚያሳይ ፎቶ አንሳው። አሮጌው ሲሊንደርና ፒስተንስ የት ናቸው? ይሄን በጣም አጥብቀህ ጠይቅ፣ ምክንያቱም ውሉ ከፈረሰ በ1815 መሰረት ወደ ነበራችሁበት መመለስ አለባችሁ፣ ላንተ ያ ማለት ሞተርህ በአሮጌው እቃ ተገጥሞ እየነዳኸው መውጣት ማለት ነው፣ አሮጌው ሲሊንደር ተሽጦ ወይ ተጥሎ ከሆነ ዋጋውም ክሱ ውስጥ ይገባል። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ጨምርና "የተፈቱት እቃዎች በሙሉ እንዲጠበቁልኝ" በል።

እቃው በ15 ቀኑ ውስጥ ከደረሰ ደግሞ ውሉ ይቀጥላል፣ ከመገጠሙ በፊት ግን ካርቶኑ ሲከፈት እዛው ሁን፣ የተስማማችሁበት መጠን መሆኑን አይተህ ነው ቀሪውን የምትከፍለው። ሊብሬህ ላይ ካለው የሞተር ዝርዝር ጋር የማይገጥም ከሆነም ከመንዳትህ በፊት መዝጋቢው መስሪያ ቤት ሄደህ አስተካክለው።